የዕድር ዳኛ ለመሆን የማን ልጅ መሆን ያስፈልጋል?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እስከ ትናንት ማታ 22 መልስ ገብቷል። መሐል ላይ የሚገባ ሰው ከየት ተነስተን የት እንደደረስን እየጠፋው ያንኑ ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ ከላይ እስከ ታች ያለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማንንም ቃል አልገለብጥም፤ ሐሳቡን ግን አላዛባም።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር። ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ባለ ሰፈር የዕድር ጸሐፊ ነኝ። የዕድራችን ዳኛ ዕድሜያቸው ስለገፋ ይብቃኝ አሉና፣ ሌላ ለመምረጥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ጥቆማ ሲጠየቅ አንድ ወጣት ተነስቶ የወጥ ቤት ኃላፊያችንን ጠቆመ። እኒህ እናት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በራሳቸው ስም ዕድርተኛ ናቸው። የዕድሩን ዕቃ ከያዙ 17 ዓመታቸው ነው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ግን ዕቃ ቤቱ መስኮት ሥር ሁለት ጣሳ አላቸው። ዕቃ ወደ ለቅሶ ቤት ሲወጣ ለእያንዳንዱ ደርዘን ሳህን አንድ ሽንብራ ከግራው ጣሳ አንስተው ወደ ቀኙ ይጥላሉ፤ ሳህኑ ሲመለስ ሽንብራውም ይመለሳል። የተሰበረ ካለ ስባሪውን በፌስታል ቋጥረው ለኮሚቴው ያሳያሉ። የእኔ ደብተርና የእሳቸው ሽንብራ ተለያይተው ባገኘኋቸው ጊዜ ሁሉ ስህተቱ የነበረው ከእኔ ደብተር ነው።

ሥራቸው ሸክላ ነው። ቅዳሜ ገበያ ምጣድ፣ ጀበናና ድስት ይሸጣሉ።

ስማቸው ሲጠራ ስብሰባው ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ተነስቶ፣ እሳቸው ወጥ ቤቱን ከለቀቁ ዕድሩ እንደሚፈርስ፣ ባሉበት ቢቀጥሉ እንደሚሻል በትሕትና ተናገረ። ሴት ትግባ ከተባለማ ተባለና አንዲት ወይዘሮ ተጠቆሙ። አባታቸው ቀኛዝማች የነበሩ፣ ፒያሳ ሱቅ ያላቸው፣ መዋጮ ከመላክ በቀር ዕድሩ ደጃፍ ብዙም የማይታዩ ሰው ናቸው። ተጨበጨበ። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ዳኛ፣ ወይዘሮዋ ምክትል ሆነው ተመረጡ፤ ሴት አካትተናል ተብሎም ተመሰጋገንን።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። እኒህ እናት የቀሩት ሴት ስለሆኑ ነው እንዳልል፣ ሴት ተመርጣለች። ድሃ ስለሆኑ ነው እንዳልል፣ ከእሳቸው የማይሻል ኑሮ ያለው ወንድ ኮሚቴ ውስጥ አለ። ሸክላ ሠሪ ስለሆኑ ነው እንዳልል፣ የቀጥቃጭ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖልን ያውቃል። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው ወይ በሩ የሚዘጋው? ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛዋ መላሽ በአክብሮት ነው የጀመረችው። ጤና ይስጥልኝ ብላ፣ ነገሩ የሴትነት ጉዳይ ብቻ እንደሆነ፣ ሥራና ሀብት ማስገባቱ ነገር ማወሳሰብ እንደሚሆን ጻፈች። ወይዘሮዋስ ከምክትልነት መች አለፉ ስትል ጠየቀች። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ፤ ልክ ናት። እሳቸውም ቢሆኑ ጣራ ነበረባቸው።

2ኛው ታሪክ አስተማሪ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ጎንደር ለሴት አመራር እንግዳ እንዳልሆነች ነው ያስታወሰው። ከቋራ የመጡት እቴጌ ምንትዋብ፣ ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ሕፃኑን ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን ይዘው፣ ብርሃን ሞገስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ልጃቸው በ1755 እስኪሞቱም በመንግሥቱ ላይ ቃላቸው የሚሰማ ነበር። ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። የሰፈሬ ሰው የረሳው የገዛ ታሪኩን ነው ባይ ነው።

3ኛዋ አስተካከለችው። ምንትዋብ ዙፋን አጠገብ የደረሱት የንጉሥ ሚስት፣ ቀጥሎ የንጉሥ እናት፣ ኋላም የንጉሥ አያት ሆነው ነው። ከገቡም በኋላ ቋረኛ ዘመዶቻቸውን አስገቡ፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆኑ። ይህን የምለው ላሳንሳቸው አይደለም፣ በሩ ለማን እንደተከፈተ ለማሳየት ነው ስትል አስረዳች። በዚያው ዘመን ከቁስቋም ቁልቁል ሸክላ ትሠራ የነበረች ሴት ምንም ብልህ ብትሆን በዚያ በር አትገባም ነበር። ከመልሶቹ ሁሉ ለጥያቄዬ አጥንቱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ ድምፁ መረር አለ። 4ኛው የዘመነ መሳፍንትን ጦስ በምንትዋብ ላይ አሳበበ። ልጃቸውን ከወሎ ኦሮሞ መኳንንት ልጅ ከውቢት ጋር ባያጋቡ፣ ሥልጣንም ለዘመድ ባያድሉ አገሩ ባልተበታተነ ነበር፤ ሴት ስትገዛ የሚመጣው ይህ ነው ብሎ ደመደመ።

5ኛዋ ዝም አላለችውም። የልጅ ልጃቸውን አፄ ኢዮአስን እ.ኤ.አ. በ1769 ያስገደሉት ራስ ሚካኤል ስሑል እንጂ ምንትዋብ እንዳልሆኑ፣ ራስ ሚካኤልን ወደ ጎንደር ያስጠሩትም ኢዮአስ ራሳቸው እንደነበሩ ቆጠረችለት። ነገሥታት ሁሉ ዘመድ ሲሾሙ ወግ ነው፤ ሴት ስትሾም ግን የአገር ጥፋት ይባላል አለች። ጨመረችበትም፦ የቋራ ወገንና የውቢት ወገን ቤተ መንግሥቱን ተካፍለው ሲናቆሩ ቋንቋና ትውልድ የሥልጣን መሰላል ሆነው ነበር፤ ስለ ዘር ፖለቲካ አዲስ ነገር የመጣብን የሚመስለው ሰው ያንን ዘመን ደግሞ ያንብብ ስትል መከረች። ቁጣዋ ተገቢ ነው፤ 4ኛው ሰውዬ ግን ተመልሶ አልመጣም።

6ኛው መልስ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፈው ሰው ቤተሰቡ ከቋራ ነው። ከምንትዋብ ይልቅ ለዕድራችን ነገር የሚቀርበው የካሳ ኃይሉ እናት ታሪክ ነው ይላል። እናትየው ባላቸው ሞተው ችግር ላይ ሲወድቁ ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን እንዳሳደጉ ሲነገር ኖሯል። ካሳ ሸፍቶ ጉልበቱ ሲገንን፣ በራስ ዓሊ እናት በእቴጌ መነን ወገን በኩል የሚወረወርበት ስድብ የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚል ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ በዚሁ ስድብ ፎክረው ዘምተው ተማረኩ፤ ካሳም ኮሶ አስመጥቶ አስጠጣቸው ይባላል። ሰውዬው ልብ በሉ የሚለው እዚህ ጋ ነው። በዚያ ጦርነት የገዢውን ወገን ጦር የምታዝ ሴት፣ መነን፣ ነበረች። ስድቡ ግን ያረፈው በሌላ ሴት ላይ ነው፤ ያውም በሥራዋ። ኮሶ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከመኳንንት እስከ ገባር ሁሉ የሚጠጣው የሆድ መድኃኒት ነው። ጠጪው ተከብሮ ሻጯ ተናቀች። ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ እንኳ ስድቡ ተከትሏቸው ሄደ፤ ለትውልድ ሐረጋቸው ክርክርም ማለቂያ አልተገኘለትም።

ይህን ሳነብ የእኛ ሰው ያንን ዝምታ ከየት እንዳመጣው ገባኝ። እንጀራውን ያልበላ የለም። ምጣዱን የሠራችው ስትጠራ ነው ጉሮሮ የሚጠረገው።

7ኛው መልስ አንዲት መስመር ናት። ጥቆማው ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል ወይ ብሎ ጠየቀ። ያን ቀን አልመለስኩለትም። ለምን እንዳልመለስኩ ወደ ታች ይመጣል።

8ኛዋና 9ኛው ከመንገድ ወጡ። 8ኛዋ ከአዘዞ ናት፤ ጥሩ ምጣድ የት እንደሚገኝ ጠየቀች፣ የገዛችው ሁሉ በሁለት ወር ይሰነጠቅባታል። 9ኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብትገዛ እንደምትገላገል መከራት፤ ወዲያው መብራትና ውኃ ስለመጥፋቱ ብሶቱን ዘረገፈ። ከርዕስ የወጣ ነው ብዬ ልዘለው ነበር። ግን የኤሌክትሪክ ምጣዱም ቢሆን እንጀራው የሚሰፋበት ፊቱ ያው ሸክላ ነው፤ ሽቦው የተቀበረው በዚያው በሸክላ ሠሪዋ እጅ ሥራ ውስጥ ነው። ለ8ኛዋም የወጥ ቤት ኃላፊያችን ያስተማሩኝን ነገርኳት። ምጣድ ሲገዛ በጣት ኳ ኳ ይደረጋል፤ የጠራ ድምፅ ካለው ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ቤት ሲገባም በጎመን ዘር በደንብ ሳይሟሽ እሳት በአንዴ አይለቀቅበትም። እሳቸው ጭቃውን ሲያቦኩ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ ወቅጠው፣ ነፍተው ይጨምሩበታል፤ ያ ነው እሳት የሚያስችለው። ጥፍራቸው ሥር ያለው ቀይ አፈር በበዓል ቀን እንኳ አይለቅም።

10ኛዋ ያንን አፈር ይዛ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። ቀጥቃጭን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ፋቂን፣ ሸማኔን ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው እያለ ያራቀ ሕብረተሰብ፣ የሚያርስበት ማረሻና የሚበላበት ድስት ከእነዚሁ ሰዎች እጅ እንደሚመጣ እያወቀ ነው ያራቀው። ጎንደር ላይ ርስት የሌለው ሰው በአደባባይ ቃል የለውም ነበር፤ ርስት የተከለከለ ደግሞ ለመኖር እጅ ሥራ ይይዛል፤ እጅ ሥራ ስለያዘ ይናቃል፤ ስለተናቀም ለርስት አይታሰብም። ቤተ እስራኤል በዚህ አዙሪት ውስጥ የኖሩ ናቸው፤ የምንኮራባቸውን ግንቦች ካቆሙት ግንበኞችና አናጺዎች መካከልም ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ አገር የሞላ ስለነበረ ነው። በደንብ የጻፈች ሴት ናት፤ መልሷን አሳትሜ ይዤዋለሁ።

11ኛዋ ከእስራኤል ነው የጻፈችልን። እናቷ ከወለቃ ናቸው፤ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጎንደር ሳሉ ፈላሻ ይባሉ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ጥቁር ተባሉ። ዘር የሚባለው ነገር ከሰው ጋር የተወለደ ሳይሆን የሚቀበልህ ሰው የሚለጥፍብህ መሆኑን ያወቅሁት በእናቴ ነው አለች። ለምሳሌ ያነሳችው ፕኒና ታማኖ ሻታን ነው። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1981 ጎንደር አጠገብ ዉዛባ የተወለዱ ናቸው። በሦስት ዓመታቸው በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ተወሰዱ፣ ሕግ ተማሩ። በ2013 ክነሴት፣ ማለት የእስራኤል ምክር ቤት፣ በመግባት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ ተወላጅ ሴት ሆኑ፤ በ2020 ደግሞ ሚኒስትር። በዚያው በ2013 ዓመት፣ የምክር ቤት አባል ሆነው ሳለ፣ ክነሴት ግቢ ውስጥ ደም ልለግስ ብለው ሄዱ፤ ኢትዮጵያ ስለተወለዱ በመደበኛው ደንብ ደማቸው አልተወሰደም። ወንበር ማግኘትና ሙሉ ሰው ሆኖ መቆጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ነው የምትለው። ሌላም ጠየቀችን፦ የዉዛባዋ ልጅ እዚሁ ቀርታ ቢሆን የቀበሌ ሊቀ መንበር ትሆን ነበር ወይ? ለዚህ ማንም አልመለሰላትም። እኔም የምለው አጣሁ።

12ኛው አሜሪካ ነው ያለው። ጥያቄዬን ሲያነብ በሕግ ትምህርት ቤት ያጠናው ክስ ትዝ እንዳለው ጻፈ። አምስት ጥቁር ሴቶች ከጄኔራል ሞተርስ ሥራ ሲቀነሱ ኩባንያውን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1976 የሚዙሪ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክሳቸውን አልተቀበለም። ኩባንያው ሴት ቀጥሯልና ሴትን አላገለለም ተባለ፤ የተቀጠሩት ሴቶች ግን ቢሮ የሚሠሩ ነጮች ናቸው። ጥቁርም ቀጥሯልና ጥቁርን አላገለለም ተባለ፤ እነሱ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ያሉ ወንዶች ናቸው። አምስቱ ሴቶች በሁለቱ መሐል ወድቀው ቀሩ። ኪምበርሌ ክሬንሾ የተባለች የሕግ ምሁር በ1989 ይህን ክስ ይዛ፣ መድሎ እንደ መስቀለኛ መንገድ ነው፣ መሐሉ ላይ የቆመን ሰው ከሁሉም በኩል የሚመጣ መኪና ይገጨዋል ስትል አስረዳች። ወይዘሮዋ ተመርጠዋል፣ የቀጥቃጩ ልጅ ገንዘብ ያዥ ነበር የሚለው የእኔ ታሪክ ከዚያ ክስ ጋር አንድ ነው ብሎ አገናኘው። ሽርሊ ቺዝሆምንም አነሳ። አባቷ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በ1968 የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆና ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠች፤ በ1972 ለፕሬዚዳንትነት እጩ ለመሆን ስትወዳደር ከጥቁርነቷ ይልቅ ሴትነቷ የበለጠ እንቅፋት እንደሆነባት ደጋግማ ትናገር ነበር።

13ኛው በዚህ ተበሳጨ። የፈረንጅ ችግር በአውሮፕላን እየጫናችሁ አታምጡብን፣ እኛ ዘንድ ነጭና ጥቁር የለም፣ ሁላችንም የአንድ አገር ልጆች ነን የሚል ነው ነገሩ። ከፋፋይ የሚል ቃልም ወርውሮብኛል።

14ኛዋ ስትመልስለት አንድም ክፉ ቃል አልተጠቀመችም፤ እንደዚያም ሆኖ ከሁሉ የበረታችው እሷ ናት። ነጭና ጥቁር ከሌለ ጨዋና ባርያ የሚባለው ከየት መጣ ብላ ነው የጀመረችው። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዓመት የተወለዱ አያቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ለዝምድና ብቻ እንዳልሆነ፣ መሐል ላይ ቀጥቃጭ ወይም የተገዛ ሰው እንዳይገኝ ጭምር መሆኑን ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቃል አለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ዘርና ቀለምን፣ ፆታን፣ ማኅበራዊ አመጣጥን፣ ሀብትንና ትውልድን ጎን ለጎን የጠራው በከንቱ አይደለም፤ ሁሉም እዚህ ስላሉ ነው። 13ኛው ተመልሶ ስለ ባርነቱ አላውቅም ነበር ብሎ ጻፈና አቆመ። ለዚያ ላመሰግነው እፈልጋለሁ።

15ኛው ከደምቢያ የገበሬ ልጅ ነው። ብዙ ንድፈ ሐሳብ ሰምቻለሁ፤ እናቴን ቀና ያደረጋት ግን የመሬት ደብተሩ ነው ይላል። በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ ገባ። ከዚያ በፊት እናቱ በቀበሌ ስብሰባ ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስማቸውና ፎቷቸው ደብተሩ ላይ ካረፈ ወዲህ ከፊት መቀመጥ ጀመሩ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ ሲወሰንም ተናገሩ። ሰው እንዲሰማህ የምትቆምበት መሬት ይኑርህ ሲል በአጭሩ ዘጋው። 16ኛዋ ስለ መሬት ከተነሳ በሚል የ1989 ዓ.ም.ን የመሬት ሽግሽግ አስታወሰች። ያኔ ቢሮክራት (የደርግ ጊዜ ሹም) ወይም የፊውዳል ቅሪት የተባለ ቤተሰብ ከሌላው ያነሰ መሬት ተመድቦለት፣ በስብሰባም አፉን ይዞ ኖሯል። የላዩ ታች መሆኑ ድልድሉን እንዳላጠፋው ልትነግረን ነው፤ እውነቷን ነው። ግን ክርክሩ ወደ ፓርቲዎች ሊዞር ሲል ተውት ብዬ ለመንኩ።

17ኛው መልስ ሲገባ ደነገጥኩ። የእኛው ዕድርተኛ ነው። የዕድር ገመና አደባባይ አወጣሽ፣ ማንም ስለ ሸክላ ትንፍሽ አላለም፣ እኒህ ሴት የቀሩት ፊደል ስለማይቆጥሩ ብቻ ነው አለኝ። ዳኛ ደብዳቤ ያነባል፣ የወጪ ሰነድ ላይ ይፈርማል፣ ቀበሌ ይመላለሳል። ሰውን ለማሳደም ካልሆነ ይህን ሁሉ ዓለም እዚህ ምን አመጣው ሲል አጥብቆ ጠየቀኝ።

18ኛው መልስ የእኔ ነው። የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ አውጥቼ አነበብኩ። ማንበብና መጻፍ የሚጠይቀው ከጸሐፊና ከገንዘብ ያዥ ነው። ስለ ዳኛ የሚለው በሥነ ምግባሩ የተመሰገነና በሰው የታመነ ይሁን ብቻ ነው። አሁን የወረዱት ዳኛችን ደግሞ ማንበብ አይችሉም። 11 ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ የሚፈርሙትም በአውራ ጣታቸው ነው፣ የቀለሙን ሳጥን የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ። የትልቅ ሰው ልጅ ናቸው፣ ወታደር ነበሩ፣ ወንድ ናቸው። ፊደላቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ጠይቄ አላውቅም፣ መጠየቅም አልነበረብኝም፤ ጥሩ ዳኛ ነበሩ።

እዚያው ላይ ለ7ኛው የቆየብኝን መልስ ሰጠሁ። የወጥ ቤት ኃላፊያችን ስም ቃለ ጉባኤው ላይ የለም። ጥቆማውን የደገፈ ሰው ስላልነበረ ዘለልኩት። የጻፍኩት ሁለት እጩ ቀረበ ብዬ ነው።

19ኛዋ አልራራችልኝም። ሦስቱ ሲገናኙ በሩ ይዘጋል ብለሽ ስታበቂ ቁልፉን የያዝሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። ያልተደገፈ ጥቆማም ያልተደገፈ ተብሎ ይጻፋል። ከ20 ዓመት በኋላ ያንን መዝገብ የሚገልጥ ሰው፣ በዚህ ዕድር አንዲት ሸክላ ሠሪ ለዳኝነት ታስባ እንደነበር ሊያውቅ አይችልም፤ አልታሰበችም ብሎ ነው የሚያልፈው። ዜና መዋዕሉም እንዲሁ እየሆነ ነው የንጉሥ እናት ብቻ የቀረችበት ስትል ጻፈች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምመልሰው የለኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

20ኛው ሊያበርደን ፈልጎ መሰለኝ ወደ ላይ ወሰደን። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ካቢኔው ወንድና ሴት እኩል ለእኩል ሆኖ እንደነበር፣ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ አይሻ መሐመድ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው እንደነበር አነሳ። ከላይ ሲከፈት ወደ ታች ይወርዳል ባይ ነው። ወደ ኋላ ሄዶም ንግሥት ዘውዲቱን ጠቀሰ። የምኒልክ ልጅ ስለሆኑ በ1909 ዘውድ ተጭኖላቸዋል፤ ግን ለመንገሥ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ መለየት ነበረባቸው። ራስ ጉግሣ ወደዚሁ ወደ በጌምድር ተላኩ፤ በመጋቢት 1922 በአንቺም ጦርነት ሲሞቱ ንግሥቲቱ በሁለት ቀን ተከተሏቸው። ያሳዝናል፤ ማንም ንጉሥ ለመንገሥ ሚስቱን ፍታ አልተባለም። የላይኛው በር ወደ ታች ይወርዳል የሚለውን ግን አልቀበለውም። ስንቱ ዘመን አልፏል፤ እስከ ቁስቋም ቁልቁለት አልወረደም።

21ኛው ያው ዕድርተኛችን ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰ። አነጋገሩ ሌላ ሆኗል። የቀድሞውን ዳኛ የአውራ ጣት ነገር እንደዘነጋው አመነ። ልጅ ሳለ እናቱ ሸክላ ሠሪ ፊት እንጀራ እንዳይበላ ይከለክሉት እንደነበር ጻፈ። እኒያው እናቱ ሲሞቱ ሦስት ቀን ሙሉ ለለቀስተኛው ወጥ የሠሩት የወጥ ቤት ኃላፊያችን ናቸው፤ በሰልስቱ ማታ ድስቱን ሲያጥቡ አይቷቸዋል። ይህን ከጻፈ በኋላ ወደ ሥራ ገባ። ደንቡ አስቸኳይ ስብሰባ ስንት ሰው ፈርሞ ሲጠይቅ እንደሚጠራ ይናገር እንደሆነ እንዳይለት ጠየቀኝ። ከዕድርተኛው ሲሶው ከፈረመ ይጠራል። ፊርማውን እሱ ሊያሰባስብ ነው፤ እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤው በዚያው ስብሰባ እንዲታረም አጀንዳ አስይዣለሁ።

22ኛዋ ከሁላችንም ያመለጠንን ጠየቀች። እሳቸውስ ዳኝነቱን ይፈልጉት እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው አለ ወይ?

አልነበረም። ጠቋሚው ወጣትም፣ እኔም፣ ያ ሁሉ ሰው አልጠየቅንም። ትናንት ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ምጣዶቹ በጭድ ተለይተው ተደርድረዋል። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው፤ መዝገቡ ላይ ስማቸውን እንደዘለልኩም ጭምር። እያዳመጡኝ የአንዱን ጀበና አንገት በጣታቸው ይጠርጉ ነበር። ስለ መዝገቡ ይታረም ብቻ አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስለ ዳኝነቱ ግን ብዙ አሰቡበት። መጀመሪያ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የሚቆጥር ሰው እጅ መግባት አለበት፤ ሁለት ሴቶች ስም ጠሩልኝ፣ አንዷ ገና ወጣት ናት። የሽንብራውን አቆጣጠር ለመልመድ ቢያንስ ሦስት ለቅሶ ቤት አብረዋቸው መዋል አለባቸው። ስብሰባው ከዚያ በፊት ከተጠራ ግን ልጅቷን ከነገ ጀምረው ይዘዋት ይገባሉ። ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላቸው እኔው እንደሆንኩም አረጋገጡ፤ አዎ አልኳቸው።

ከዚያ አንዲት ገዢ አንዱን ምጣድ አንስታ በጣቷ ስታንኳኳው ወደ እሷ ዞሩ።